ፓንኬክስዋፕ ዩኒስዋፕን ሲበልጥ፦ ከደብረ ብርሃን የተሠራ አንድ ንጽጽር

ጥያቄው አጭር ነበር። «ጋሼ፣ ፓንኬክስዋፕ ዩኒስዋፕን በልጧል እኮ። ገንዘባችንን እዚያ ብናስቀምጥ ምን ይመስልሃል?» ሁለቱም ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ፣ የሚለወጥባቸው የኢንተርኔት ገበያዎች ናቸው።

ጊዜው የ2017 ዓ.ም ግንቦት ማለቂያ ነው፤ በፈረንጆቹ ጁን 2025 መግቢያ። ጠያቂዎቹ ሦስት የደብረ ብርሃን ልጆች ናቸው። አንዱ ጠባሴ አካባቢ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። አንዷ ለውጭ ደንበኞች በኢንተርኔት ግራፊክስ ትሠራለች። ሦስተኛው በስታቲስቲክስ ተመርቆ ሥራ ይፈልጋል። ባለሱቁ፣ ግራፊክስ ሠሪዋ እና ተመራቂው እያልኩ እቀጥላለሁ። ሦስቱ አብረው የቲሸርት ማተሚያ ማሽን ለመግዛት ያጠራቅማሉ። አብዛኛው ተቀማጭ ግራፊክስ ሠሪዋ ከደንበኞቿ በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተሳሰረ ክሪፕቶ) የተከፈላት ነው። እኔ በመረጃ ትንተና የምሠራ የሰፈር ሰው ነኝ። ክሪፕቶ ሥራዬ አይደለም፤ ቁጥር ማገላበጥ ግን እወዳለሁ።

ሕጉን አስቀድሜ ልናገር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ተናግሯል። ልጆቹም ያውቁታል። ይህን የምጽፈው ግቡ ልል አይደለም። ጥያቄው የንጽጽር ጥያቄ ስለሆነ ነው፤ በንጽጽር ደግሞ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

ያመጡልኝ ማስረጃ አንድ ስክሪንሾት ነበር። ዴፋይላማ በሚባል የመረጃ ድረ ገጽ ላይ ዴክሶች፣ እነ ፓንኬክስዋፕን የመሰሉ ገበያዎች፣ በ24 ሰዓት ቮልዩም (የግብይት መጠን) ተደርድረዋል። አናት ላይ ፓንኬክስዋፕ፣ ከሥሩ ዩኒስዋፕ። ተመራቂው በዚህ ላይ እቅድ ነድፏል። ቮልዩም ከበዛ ኮሚሽን ይበዛል። ኮሚሽኑን የሚወስደው ፑል ውስጥ፣ ማለትም ለልውውጥ በተዘጋጀ የጋራ ቋት ውስጥ፣ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ነው። እንግዲያው ቮልዩም የሞላበትን ፑል ፈልጎ መግባት ነው። የመረጠውም ዜድኬጄ እና ኮጌ የሚባሉ ሁለት ቶክኖች (የክሪፕቶ ዓይነቶች) እርስ በርስ የሚለዋወጡበትን የፓንኬክስዋፕ ፑል ነው። በዚያ ሰሞን ቮልዩሙ ጉድ የሚያሰኝ ነበር።

ላይ ላዩን ሲሰሙት ምንም አይወጣለትም።

ለማያውቀው ትንሽ ላስረዳ። ዴክስ ላይ ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ ድርጅት የለም። ብሎክቼይን፣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያዝ የጋራ መዝገብ፣ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም አለ። ሰዎች ሁለት ዓይነት ቶክን አንድ ፑል ውስጥ ያስቀምጣሉ። የሚገበያየው ሰው አንዱን አስገብቶ ሌላውን ያወጣል። ዋጋውን የሚወስነው በፑሉ ውስጥ ያሉት የሁለቱ መጠን ነው። ዩኒስዋፕ በዚህ መንገድ የተጀመረው በፈረንጆቹ 2018 ኢቴሪየም በሚባል ብሎክቼይን ላይ ነው፤ ፓንኬክስዋፕ በ2020 ቢኤንቢ ቼይን በሚባል ሌላ ብሎክቼይን ላይ ተከተለ። ሁሉም ግብይት በአደባባይ ይመዘገባል። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ማየት የሚቻለውም ለዚህ ነው፤ መብራት ካልሄደ።

መጀመሪያ ያደረግነው ዝርዝሩን መበተን ነው። ስክሪንሾቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ድምር ናቸው። ዩኒስዋፕ ኢቴሪየም ላይ ብቻ አይደለም፤ ቤዝ፣ አርቢትረም፣ ቢኤንቢ ቼይን በሚባሉ ሌሎች ቼይኖች (ብሎክቼይኖች) ላይም አለ። ፓንኬክስዋፕም እንዲሁ ብዙ ቼይን ላይ ይሠራል። ድምርን ከድምር ማወዳደር የትኛው ዴክስ ይሻላል የሚለውን አይመልስም። የትኛው ቼይን ሰሞኑን ተጨናንቋል የሚለውን ነው የሚነግረን። ስለዚህ ቢኤንቢ ቼይንን ብቻ ይዘን ሁለቱን እዚያው አነጻጸርን። ያኔ ልዩነቱ ጭራሽ ሰፋ። የፓንኬክስዋፕ ቮልዩም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያው ከቤቱ ነው።

ተመራቂው ፈገግ አለ። «አየህ?»

ቀጥሎ ሰዓቱን አስተካከልን። አንዳንድ ገጽ 24 ሰዓት ሲል ካሁን ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሌላው በዩቲሲ (በዓለም መደበኛ ሰዓት) ቀን ይቆጥራል፤ ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይገለበጣል። የእሁድን ቮልዩም ከማክሰኞ ጋር ማወዳደርም ያሳስታል። ሰባት ሰባት ቀን አድርገን ወሰድን። እዚህ ላይ ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። ነገሩ መለወጥ የጀመረው ኮሚሽኑን ስናመጣ ነው።

ቮልዩም ኮሚሽን አይደለም። ሁለቱም ዴክሶች በፕሮግራማቸው ሦስተኛ እትም ላይ የተለያየ የኮሚሽን ደረጃ ያላቸው ፑሎች አሏቸው። የዩኒስዋፕ 0.01፣ 0.05፣ 0.30 እና 1 በመቶ ነው። የፓንኬክስዋፕ 0.01፣ 0.05፣ 0.25 እና 1 በመቶ። አንድ ሚሊዮን ዶላር በ0.01 በመቶ ፑል ውስጥ ቢያልፍ የሚገኘው ኮሚሽን 100 ዶላር ነው። ያው ገንዘብ በ0.25 በመቶ ፑል ቢያልፍ 2,500 ዶላር፤ በ1 በመቶ ከሆነ 10,000 ዶላር። ቮልዩሙ አንድ ነው፤ ገቢው የመቶ እጥፍ ልዩነት ሊኖረው ይችላል። በዚያ ላይ ፓንኬክስዋፕ ከኮሚሽኑ ከፊሉን ለራሱ ያስቀራል፤ ሁሉም ለፑሉ ባለገንዘብ አይደርስም።

ዴፋይላማ የኮሚሽን ገቢን ለብቻው የሚያሳይ ገጽ አለው። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ከፈትን። በቮልዩም በሰፊው የሚመራው ፓንኬክስዋፕ በኮሚሽን ሲታይ ርቀቱ ጠበበ። ይሄ አንድ ነገር ይጠቁማል። ከቮልዩሙ ብዙው የሚያልፈው በርካሽ ፑሎች በኩል ነው። ርካሽ ፑል በራሱ ነውር የለውም። ዩኤስዲቲን በዩኤስዲሲ፣ ማለትም ዶላርን የሚከተል ክሪፕቶን በሌላ መሰሉ፣ የሚለውጥ ሰው 0.25 በመቶ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ዜድኬጄ እና ኮጌ ግን እንዲህ ያሉ ስቴብልኮይኖች አይደሉም። የሁለት የማይተዋወቁ ፕሮጀክቶች ቶክኖች ናቸው። ዜድኬጄ ፖሊሄድራ የተባለ ፕሮጀክት ነው፤ ኮጌ ደግሞ የፎርቲ ኤይት ክለብ። ከአንዱ ወደ ሌላው ቀኑን ሙሉ መገልበጥ የሚያስፈልገው ማን ነው?

ግራፊክስ ሠሪዋ ናት የጠየቀችው። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ ይህን ጥያቄ መከተል ነው።

የቢኤንቢ ቼይንን መዝገብ በሚያሳየው ቢኤስሲስካን ድረ ገጽ ላይ የፑሉን አድራሻ ከፈትንና ግብይቶቹን በተርታ አየን። ዐይን ያወጣ ነገር ነበር። አንድ ዋሌት (የክሪፕቶ ሒሳብ) በሺህ ዶላር ገደማ ኮጌ ዜድኬጄ ይገዛል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያንኑ ዜድኬጄ መልሶ ወደ ኮጌ ይለውጣል። ደግሞ ይገዛል። ደግሞ ይመልሳል። ከዚያ ጸጥ ይላል። በማግስቱ ያው ዋሌት፣ ያው መጠን። የሚቀጥለው ዋሌትም እንዲሁ። ትርፍ ፈልጎ የሚነግድ ሰው ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል። እነዚህ ዋጋው እንዳይንቀሳቀስ የሚጸልዩ ነው የሚመስሉት።

መልሱ ከፓንኬክስዋፕ ውጭ ነበር። ባይናንስ የተባለው ትልቅ የክሪፕቶ ገበያ ባይናንስ አልፋ የሚባል ፕሮግራም አለው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ተጠቃሚዎች ነጥብ ይሰበስባሉ። በዚያ ጊዜ ደንብ ነጥቡ የ15 ቀን ድምር ነው። በቂ ነጥብ ያለው ሰው ኤርድሮፕ (በነፃ የሚታደል ቶክን) ይደርሰዋል። ነጥብ ከሚያስገኙት አንዱ የአልፋ ቶክን፣ ማለትም በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ቶክን፣ መግዛት ነው። በ2 ዶላር ግዢ 1 ነጥብ፣ በ4 ዶላር 2፣ በ8 ዶላር 3 እያለ፣ ግዢው እጥፍ በሆነ ቁጥር ነጥቡ በአንድ ይጨምራል። 1,024 ዶላር ላይ 10 ነጥብ ነው፤ 16,384 ዶላር ላይ 14 ነጥብ። በቢኤንቢ ቼይን ላይ ሲሆን ግዢው እጥፍ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ሂሳቡን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የሚቆጠረው የገዛኸው እንጂ ያለህ ገንዘብ አይደለም። አንድ ሺህ ዶላር ያለው ሰው አሥራ ስድስት ጊዜ ቢያመላልሳት የአሥራ ስድስት ሺህ ግዢ ያስመዘግባል። ለዚህ ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አነስተኛ ኮሚሽን፣ እና ዝም ያለ ዋጋ። ዜድኬጄና ኮጌ የአልፋ ቶክኖች ነበሩ፤ ፑላቸውም ሁለቱንም ይሰጥ ነበር።

ቼይኑም አግዟቸዋል። ቢኤንቢ ቼይን ላይ የአንድ ግብይት ወጪ የሳንቲም ጉዳይ ነው። በኤፕሪል መጨረሻ ደግሞ የብሎክ ጊዜው (ግብይቶች በየስንት ሰከንዱ እንደሚመዘገቡ) ከ3 ሰከንድ ወደ 1.5 ሰከንድ ወርዷል። ኢቴሪየም ላይ በ12 ሰከንድ ብሎክ፣ አንዳንዴ በዶላር በሚቆጠር የጋዝ ክፍያ (የግብይት ማስመዝገቢያ ክፍያ) ይህን ጨዋታ መጫወት አያዋጣም። እንግዲህ የሁለቱን ዴክሶች ቮልዩም ስናወዳድር ከፊሉ ያወዳደርነው የመመላለሻውን ዋጋ ነው።

ባለሱቁ ቮልዩም ሲባል ብዙ ገዢ ይመስለው ስለነበር ነገሩን በበግ ተራ ነገርኩት። ሁለት ደላላዎች አንድ የመንዝ ሙክት ከጠዋት እስከ ቀትር አርባ ጊዜ ቢሻሻጡ መዝገቡ አርባ ሽያጭ ይላል። በጉ ግን አንድ ነው። ባለሱቁ ሳቀና «ቀረጡ ቢኖር አይሞክሯትም ነበር» አለኝ። ልክ ነው፤ ኮሚሽኑ እዚህ እንደ ቀረጥ ነው፤ ዝቅ ባለበት ይመላለሳሉ።

ይህን ግን ውሸት ነው ብዬ አላልፈውም። እዚህ ላይ ከብዙ ተንታኝ ጋር አልስማማም። ቢትዋይዝ የተባለው ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ለአሜሪካው የሴኩሪቲስ ተቆጣጣሪ ባቀረበው ጥናት የክሪፕቶ ገበያዎች ሪፖርት ከሚያደርጉት የቢትኮይን ቮልዩም 95 በመቶው የሐሰት ነው ብሎ ነበር። ያ በድርጅት የሚመሩ ገበያዎች ራሳቸው የሚናገሩት ቁጥር ነው፤ ማንም ገብቶ አያጣራውም። ዴክስ ላይ ግብይቱ በእርግጥ ተፈጽሟል። ኮሚሽኑ ተከፍሏል። ዋሌቱ ይታያል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ከቁጥሩ የወሰድነው ትርጉም ነው የተሳሳተው። በጃንዋሪ 2022 ሉክስሬር የተባለው የኤንኤፍቲ (እንደ ዲጂታል ሥዕል ያሉ ቶክኖች) ገበያ ለሚገበያይ ሰው ቶክን ሲሸልም የሆነውም ይኸው ነው። ሰዎች ከራሳቸው ጋር ተገበያዩ፤ ቮልዩሙ በቢሊዮን ዶላር ተቆጠረ። እኛም አገር በ2016 ዓ.ም ሃምስተር ኮምባት የተባለውን የሽልማት ተስፋ ያለበት የስልክ ጨዋታ ሲጠበጥብ ያልዋለ ወጣት አልነበረም። ሽልማት ያለበት ቦታ እንቅስቃሴ አለ። ሽልማቱ ሲነሳ ምን ይቀራል ነው ጥያቄው።

ሌላም የሚያዛባ ነገር አለ፤ ቶሎ ልለፈው። ዩኤስዲቲ ይዞ ዜድኬጄ የፈለገ ሰው መንገዱ በኮጌ በኩል ከሆነ ሁለት ፑል ያልፋል። አንድ ግዢ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። የዋሌት ብዛትም የሰው ብዛት አይደለም። ተመራቂው በዋሌት ቁጥር ሊከራከረኝ ሞክሮ ነበር፤ ራሱ ሦስት ዋሌት እንዳለው ባለሱቁ አስታወሰው።

ቀጥሎ ጥልቀት፣ ማለትም ፑሉ ዋጋው ሳይዛባ ስንት ግብይት እንደሚችል። ለእኔ ከቮልዩም ይልቅ የሚነግረኝ እሱ ነው። ቀላሉን የፑል ቀመር ውሰዱ፤ የሁለቱ ቶክኖች ብዜት አይለወጥም። 100,000 ዩኤስዲቲ እና 100,000 ቶክን ያለበት ፑል ይኑር። በ10,000 ዩኤስዲቲ ስትገዛ 10,000 ቶክን አይደርስህም፤ 9,091 ነው የሚደርስህ። 9 በመቶ ገደማ ዋጋው ራሱ በላህ። ፑሉ አሥር እጥፍ ቢሆን፣ ማለትም ሚሊዮን በሚሊዮን ቢሆን፣ 9,901 ይደርስህ ነበር። ስለዚህ ዴክሶችን ለማወዳደር የቀን ቮልዩሙን ትቶ «10,000 ዶላር አሁን ብሸጥ ስንት አገኛለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ግብይቱን ሳያጸድቁ ስዋፕ ገጹ ላይ መጠኑን መጻፍ ብቻ ነው። ለኢቴር (የኢቴሪየም ገንዘብ) እና ለዩኤስዲሲ ኢቴሪየም ላይ ዩኒስዋፕ የሚሰጠው ዋጋ ጠንካራ ነበር። ለቢኤንቢ በቤቱ ፓንኬክስዋፕ። ለዋና ዋናዎቹ ቶክኖች አሸናፊው እንደየቼይኑ ይለያያል፤ ዝርዝሩ አናት ላይ ማን እንዳለ ግድ አይሰጠውም።

የዜድኬጄና የኮጌ ፑልም ጥልቅ ይመስል ነበር። በዚህ ተመራቂው ትክክል ነበር። ግን ጥልቀቱ የማን ነው? በሦስተኛው እትም ገንዘብ የሚያስቀምጠው ሰው የዋጋ ክልል ይመርጣል። ጠባብ ክልል ውስጥ የተከማቸ ገንዘብ ፑሉን በዚያ ክልል ውስጥ በጣም ጥልቅ ያስመስለዋል። ከክልሉ ሲወጣ ገደል ነው። እዚህ ፑል ውስጥ ጥቂት አድራሻዎች ትልቁን ድርሻ ይዘው ነበር። እነሱ በፈለጉት ሰዓት ገንዘባቸውን መንጠቅ ይችላሉ። ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ ማስታወቂያም አይለጥፉም።

ፑል ውስጥ ያስቀመጠ ትንሽ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። አንዱ ቶክን ሲወድቅ ሰው ሁሉ የወደቀውን አስገብቶ ደህናውን ያወጣል። ክልሉ ሲያልፍ እጅህ ላይ የሚቀረው የወደቀው ብቻ ነው። ሁለቱም ከወደቁ ደግሞ የምትሸሽበት ደህና የለም። ፑሉ ውስጥ አንድም ዶላር የለማ።

ያነጻጸርነውን በሰንጠረዥ አስፍረን ስናየው ሦስቱም የተለያየ ነገር አነበቡ። ግራፊክስ ሠሪዋ «የኔ ላብ እዚያ አይገባም» ብላ ዘጋች። ባለሱቁ ከእሷ ጋር ሆነ። ተመራቂው ግን በኮሚሽኑ ተስፋ አልቆረጠም። በቀን የሚያስገኘውን በዓመት አባዝቶ ነበር። የ15 ቀን ነጥብ ያመጣውን ግርግር በ365 ማባዛት ላም አለኝ በሰማይ ነው ብዬዋለሁ። ከጋራው ሳይነካ ከራሱ 150 ዶላር ገደማ አስገባ። የራሱ ነው፤ አልከለከልኩትም።

ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም እሁድ ነበር፤ በፈረንጆቹ ጁን 15። ከሰዓት በኋላ ትልልቅ ባለይዞታዎች ከፑሉ ገንዘባቸውን ማውጣትና መሸጥ ጀመሩ። ኮጌ ወደቀ። ከኮጌ የሸሸው ወደ ዜድኬጄ ገባ፤ ከዚያም ዜድኬጄ መሸጥ ተጀመረ። በብድር የተገቡ የዋጋ ውርርዶች በግዳጅ ተዘጉ፤ ይህ ውድቀቱን አባባሰው። ዜድኬጄ በሰዓታት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ ዋጋውን አጣ። ኮጌም ከግማሽ በላይ ወረደ። ባይናንስ በመግለጫው ምክንያቱን ትልልቅ ባለይዞታዎች ከብሎክቼይን ላይ ሊኩዊዲቲ (ፑል ውስጥ ያስቀመጡትን ገንዘብ) በማውጣታቸውና በተከታታይ የግዳጅ ሽያጭ አስረዳ። ከጁን 17 ጀምሮም አንዱን የአልፋ ቶክን በሌላ የአልፋ ቶክን መለወጥ ነጥብ እንዳያስገኝ ደንቡን ቀየረ።

ተመራቂው የሰኔን ጾም ምሳ በልቶ ስልኩን ሲከፍት ነው ያየው። እኔ ጋ ደወለ። «ጋሼ፣ ላውጣው ወይስ ልጠብቅ?» አለኝ። ማውጣት ይቻል ነበር፤ ዴክስ በር አይዘጋብህም። የወጣው ግን ካስገባው ሲሶ እንኳ አይሞላም ነበር።

ደንቡ ከተቀየረ በኋላ ያንን ፑል ደግመን አየነው። ቮልዩሙ ደርቋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ፓንኬክስዋፕ ከዝርዝሩ አናት ይወርዳል ብሎ ነው። አልወረደም። የጁን ወር ቮልዩሙ ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተመዘገበ፤ ለራሱ አዲስ ሪከርድ ነው። ነጥብ ፈላጊው ዝም ያለ ዋጋ ወዳለው ሌላ ቶክን ተዛወረ፤ የሚለዋወጠው ጥንድም የአልፋ ቶክን ከዩኤስዲቲ ጋር ሆነ። ሽልማቱ ስላልተነሳ እንቅስቃሴውም አልተነሳም። ከዚያ ሁሉ ቮልዩም ሌላ ቦታ የማይሄድ ታማኝ ነጋዴ ስንቱ እንደሆነ አንድ ወር ዓይቶ መናገር አይቻልም።

ተመራቂው አሁንም አልተረታም። «ሰኔ 7 የወጣ ሰው ኮሚሽኑን በልቶ፣ ዋናውን ይዞ ወጥቷል» ይላል። እውነቱን ነው። እንዲህ ያደረጉ ዋሌቶች መዝገቡ ላይ ይታያሉ። ግራፊክስ ሠሪዋ መልሷ አንድ ነው፤ «ሰኔ 7 ውጣ ብሎ የሚነግርህ ማን ነበር?» እሱ የፑሉን ትልልቅ አድራሻዎች መከታተል ይቻላል ባይ ነው። አሁን ሰንጠረዡ ላይ አዲስ ዓምድ ጨምሯል፦ ከፑሉ ገንዘብ ስንት በመቶው የአምስቱ ትልልቅ አድራሻዎች እንደሆነ። ከግማሽ በላይ የሆነውን በቀይ ይቀባዋል። ባለሱቁ ስለ ፑል መስማት ታክቶታል፤ የማተሚያ ማሽኑን ዋጋ አዲስ አበባ ደውሎ አጣርቷል።